የቱቦ ኦሲሎስኮፕ ከማሳያነት ወደ መለኪያነት የተሻገረው የት ላይ ነው? (545ኤ ስለማስነሳትም ጭምር)

መልእክት 1 · ሞገድ ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ዓመታት ሳይበራ የቆየ ቴክትሮኒክስ 545ኤ የሚባል ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን ላይ የሚሥል ዕቃ) አለኝ፤ የተሰካበት ክፍል ሲኤ የሚባለው ባለ ሁለት ቻናሉ ነው። መብራት ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ኦሲሎስኮፖች «ሞገድ ያሳያሉ እንጂ አይለኩም» ይባላል። ልዩነቱ በትክክል ምኑ ላይ ነው? ካቶድ ሬይ ቱቦው ያው፣ ማጉያ ቱቦዎቹም ያው አይደሉም እንዴ?

ሁለተኛ፣ ይህን ሁሉ ቱቦ የተሸከመ ዕቃ ከየት ተጀምሮ ነው የሚነሳው? መመሪያው በእጄ አለ። ቅደም ተከተሉን ይነግራል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አይነግርም።

መልእክት 2 · ጋሽ ካቶድ

ወንድሜ፣ ሁለቱን ጥያቄዎችህን አንድ መልስ ያስራቸዋል፤ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ብራውን ስትራስቡርግ ላይ ካቶድ ሬይ ቱቦውን ያሳየው በ1897 ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የዌስተርን ኤሌክትሪኩ ጆንሰን ከ300 እስከ 400 ቮልት ብቻ የሚበቃው ቱቦ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ። በ1930ዎቹ ዱሞንት በአሜሪካ፣ ኮሶር በእንግሊዝ ለገበያ አቀረቡት። የነዚህ ዕቃዎች ችግር ሥዕሉ አልነበረም፤ ሥዕሉማ ያምራል። ችግሩ ነጥቡን ከግራ ወደ ቀኝ የሚነዳው ስዊፕ ነው። እንደ 884 ያለ በአርጎን የተሞላ ታይራትሮን ካፓሲተሩ ሲሞላ ያራግፈዋል፣ ይሞላል፣ እንደገና ያራግፈዋል። ማንም ሳያዘው ሌት ተቀን በራሱ ይመላለሳል ማለት ነው። ሥዕሉ እንዲቆም ከተፈለገ ከሲግናሉ ትንሽ ተቆንጥሮ ግሪዱ (የቱቦው መቆጣጠሪያ ጫፍ) ላይ ይደረግና ስዊፑ በግድ ከሲግናሉ እኩል እንዲረግጥ ይደረጋል፤ ሲንክ የሚሉት ይህን ነው።

ከዚህ ሦስት ጣጣ ይመጣል። ሲንኩን ባጠነከርክ ቁጥር የስዊፑ ፍጥነት ራሱ ይለወጣል፤ ስለዚህ አግድሙ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሆነ ማንም ሊነግርህ አይችልም። አንዴ ብቻ የሚመጣ ወይም ጊዜውን ሳይጠብቅ የሚመጣ ፐልስ በፍጹም አይታይም፤ ስዊፑ እሱን አይጠብቅማ። የታይራትሮኑ ጋዝ ደግሞ ከተራገፈ በኋላ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ለመመለስ ጊዜ ስለሚፈልግ ስዊፑ ከአሥርታት ኪሎኸርዝ አያልፍም።

ቁመቱም ከዚህ አይሻልም። የቱቦው ስሜት (አንድ ቮልት ነጥቡን የሚያንቀሳቅሰው ርቀት) ከማፍጠኛው ቮልቴጅ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። መብራቱ በ10 በመቶ ሲወርድ፣ ማፍጠኛው ካልተረጋጋ፣ ማጉያው ምንም ሳይሆን ሥዕሉ በ11 በመቶ ያህል ያድጋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ቁጥር መጻፍ ዋጋ የለውም።

ቮለምና መርዶክ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ በ1946 የመሠረቱት ቴክትሮኒክስ በ1947 ያወጣው 511 የለወጠው ይህንን ነው። ስዊፑ አርፎ ይቀመጣል፤ ሲግናሉ የተወሰነ ከፍታ ሲነካ ትሪገሩ ይለቀዋል፤ አንዴ ሮጦ ተመልሶ እንደገና ይጠብቃል። ፍጥነቱ የሚወሰነው በካፓሲተርና በሬዚስተር ብቻ ስለሆነ ቁልፉ ላይ ቁጥር ሊጻፍበት ቻለ። በዚያ ላይ የተረጋጋ የኃይል ክፍል ተጨመረ። 10 ሜጋኸርዝ፣ ዋጋው 795 ዶላር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ቁጥሩን ቁጥር ያደረገው የተረጋጋው ቮልቴጅ ስለሆነ፣ 545ኤንም ስታስነሳ የምትጀምረው ከዚያው ነው። ኔጌቲቭ 150 ቮልቱ ካልተስተካከለ ከእሱ በኋላ የምትነካው ሁሉ ውኃ ላይ መጻፍ ነው።

መልእክት 3 · ግሪድ አንድ

ጋሼ ከጻፉት ላይ አንድ እርማት አለኝ። ስዊፕን በትሪገር መልቀቅ በ511 የተጀመረ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን የኤምአይቲ የራዲየሽን ቤተ ሙከራ ለራዳር ፐልስ ሲንክሮስኮፕ የሚባሉ ዕቃዎችን ይጠቀም ነበር፤ ስዊፓቸው በትሪገር የሚነሳ ነው። ቮለምም በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሲግናል ኮር ውስጥ ሆኖ እንግሊዝ አገር ራዳር ላይ ሠርቷል። ስለዚህ ሐሳቡ ከራዳር የመጣ ነው።

የ511 ውለታ ሌላ ነው። ያን ሐሳብ አንድ መምህር ወይም አንድ የሬዲዮ ፋብሪካ ሊገዛው በሚችል ዋጋ፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ አድርጎ አቀረበው። እኔ ይህን ከፈጠራው አላሳንሰውም።

ስዊፑ ራሱ ለምን ቀጥ እንደሚል ልጨምር። ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ሲሞላ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ኋላ ይዘገያል፤ መስመሩ ይጎብጣል። በ530 እና በ540 ቤተሰብ (545ኤም ከዚሁ ነው) ያለው የሚለር ወረዳ ካፓሲተሩን ከፕሌት (ከቱቦው መውጫ ጫፍ) ወደ ግሪድ ያስረዋል። ፕሌቱ 150 ቮልት ያህል ሲጓዝ ቱቦው ከመቶ በላይ ስለሚያጎላ ግሪዱ የሚነቃነቀው በአንድ ቮልት ገደማ ነው። ግሪዱ ካልተነቃነቀ በሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ አይለወጥም፤ ካፓሲተሩን የሚሞላው ኮረንትም አይለወጥም፤ መስመሩ ቀጥ ይላል። ጥገና ላይ ይህ ይጠቅምሃል፦ ስዊፑ በሁሉም ፍጥነት ከጎበጠ ሚለር ቱቦው ደክሟል፤ በአንዳንድ ፍጥነት ብቻ ከሳተ ጥፋቱ የጊዜ መምረጫው ላይ ካሉት ካፓሲተሮች ወይም ሬዚስተሮች አንዱ ነው።

መልእክት 4 · ማዘግያ መስመር

ግሪድ አንድ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ቁመቱ ልሂድ፤ 545ኤን 545ኤ ያደረገው እሱ ነውና።

አንድ ቱቦ የሚሰጥህ ማጉላትና ባንድዊድዝ (የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ተባዝተው ወሰን አላቸው። ወሰኑ የሚመጣው ከቱቦው ትራንስኮንዳክታንስ (የግሪዱ ቮልቴጅ ኮረንቱን የሚለውጥበት መጠን) እና ከራሱ ካፓሲታንስ ነው። ሰፊ ባንድዊድዝ ፈልገህ የአንዱ ደረጃ ማጉላት ከ1 በታች ከወረደ፣ መቶ ደረጃ ብትደረድርም ሲግናሉ እያነሰ ይሄዳል እንጂ አያድግም። ሁለት ቱቦ በትይዩ ብታስር ደግሞ ካፓሲታንሱም እጥፍ ስለሚሆን ምንም አላተረፍክም።

መውጫውን የእንግሊዙ ፐርሲቫል በ1936 በፓተንት አስመዘገበው፤ ጊንዝተን፣ ሂውሌት፣ ጃስበርግና ኖ በ1948 በዝርዝር አተሙት። የቱቦዎቹን ግሪዶች በትንንሽ ጥቅልሎች አያይዛቸው፤ ያ ሲያስቸግር የነበረው ካፓሲታንስ የማስተላለፊያ መስመር አካል ይሆናል። ፕሌቶቹንም እንዲሁ። ሲግናሉ በግሪድ መስመር ሲጓዝ እያንዳንዱ ቱቦ ኮረንቱን በፕሌት መስመር ላይ በእኩል ጊዜ ይጨምርበታል። ማጉላቱ አይባዛም፣ ይደመራል፤ ካፓሲታንሱ ግን አይደመርም።

ቴክትሮኒክስ በ1950 ባወጣው 517 ላይ በዚህ ዘዴ የሲግናሉ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት የሚፈጀውን ጊዜ 7 ናኖሰከንድ አደረሰው፤ ካቶድ ሬይ ቱቦው በ24 ኪሎቮልት ነው የሚሠራው። 545ኤ ላይ የቁመት መውጫው ስድስት ጥንድ ቱቦ ነው፤ በቀደመው 545 12ቢዋይ7፣ በ545ኤው 6ዲኬ6። ሠላሳ ሜጋኸርዝ ነው፤ 0.35 ለ30 ሜጋኸርዝ ሲካፈል 12 ናኖሰከንድ ያህል ይሰጥሃል።

ከዚያ ቀጥሎ ማዘግያ መስመሩ አለ፤ 0.2 ማይክሮሰከንድ። ትሪገሩ ነቅቶ፣ ስዊፑ ተነሥቶ፣ ብርሃኑ እስኪበራ ጊዜ ይፈጃል፤ ሲግናሉ ያንን ያህል ካልዘገየ ስዊፑን ያስነሣው ጠርዝ ራሱ ሳይታይ ያመልጣል። መስመሩ በጥቅልልና በብዙ ትንንሽ ትሪመር ካፓሲተሮች የተሠራ ነው። እነዚያን ትሪመሮች አትንካ። እያንዳንዱ የጠርዙን የተወሰነች ናኖሰከንድ ነው የሚቀርጸው፤ አንዱን ስታዞር ጎረቤቱን ያዛባል። ፈጣንና ንጹሕ እርምጃ የሚሰጥ ምንጭ፣ ለምሳሌ የቴክትሮኒክስ 107 ወይም በሜርኩሪ ሪሌይ የሚሠራው ፒ ተሰኪ፣ ሳይኖር እነሱን ማስተካከል አይቻልም።

መልእክት 5 · ሞገድ ተመልካች

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የትሪመሩ ነገር ገብቶኛል፤ እጄን እሰበስባለሁ። አሁን ወደ መብራቱ። ትራንስፎርመሩ በጀርባው 117 ቮልት ይላል። ካፓሲተሮቹንስ ሁሉንም ልቀይር?

መልእክት 6 · ባለ መበየጃ

ሁሉንም አትቀይር። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የመብራቱን ጉዳይ ጨርስ። ፕራይመሪው ሁለት ጥቅልል ነው፤ በ117 ሲሠራ በትይዩ፣ በ234 ሲሠራ በተከታታይ ይታሰራሉ። የማሰሪያ ድልድዮቹን በመመሪያው ሥዕል መሠረት ቀይር፤ ማራገቢያው የትኛው ጫፍ ላይ እንደታሰረም እዚያው አረጋግጥ፤ ካልሆነ ሞተሩ ይቃጠላል። ፊውዙን በግማሽ ቀንስ። ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ በፍጹም አትቁረጥ።

ዕቃው ከ500 ዋት በላይ ይበላል። የሚያረጋጋው በ210 እና በ250 መካከል ነው፤ እኛ አገር 220 ሲባል ማታ ማታ ከ210 በታች ይወርዳል። ያኔ የኃይል ክፍሉ መያዝ ያቅተውና የብርሃን መስመሩ ላይ የ100 ኸርዝ መንቀጥቀጥ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጤነኛ ካፓሲተር ይነቅላል። የ1000 ቪኤ ስታቢላይዘር አስቀድም፤ ሞተር የሚያዞረው ዓይነት ይሻላል፤ ባለ ሪሌዩ በቀየረ ቁጥር መስመሩን ያዘልላል።

የአዲስ አበባ ከፍታም ይታሰብ። አየሩ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ከፍተኛ ቮልቴጁም በቀላሉ ይዘላል። የአየር ማጣሪያውን በሞቀ ውኃና በሳሙና እጠበው፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሉን ከአቧራ አጽዳ።

ካፓሲተሮቹን በሦስት ክፈላቸው፦

ትልልቆቹ የብረት ኤሌክትሮላይቲኮች ብዙ ጊዜ ይነሣሉ። ግን መብራቱን በቫሪያክ (ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ እዚህ ዕቃ ላይ ጥሩ አይደለም፤ ሂተሮቹ (የቱቦዎቹ ማሞቂያዎች) ሳይሞቁ፣ እነሱ እስኪሞቁ የሚጠብቀው ማዘግያ ሪሌዩም ሳይዘጋ በግማሽ ቮልቴጅ ይንጠለጠላል። ይልቅስ እያንዳንዱን ካፓሲተር ከወረዳው ነጥለህ ከውጭ ምንጭ በ47 ኪሎኦም በኩል እስከ መጠሪያ ቮልቴጁ አድርሰው። ሰዓታት ይፈጃል። የሚያፈሰው ኮረንት ከ1 ሚሊአምፔር በታች ወርዶ ከቆመ ይቀጥል፤ ካልወረደ ወይም ከሞቀ ይቀየር።

ጥቁር ፕላስቲክ ልብስ ያላቸው የወረቀት ካፓሲተሮች ግን ይሰነጠቃሉ፣ እርጥበት ይገባቸዋል፣ ያፈሳሉ። ኩፕሊንግ ላይ ያሉትን በ600 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ቀይራቸው፤ እዚህ ላይ አታመንታ።

ሴራሚኮችንና ማይካዎችን ተዋቸው። ሁሉንም መቀየር የማያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የስዊፑ ጊዜ የተስተካከለው በእነሱ ነው።

ሬክቲፋየሮቹን እይ፤ ሰሌዳ ሰሌዳ የሆነ ሴሌኒየም ከሆነ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። ሲሊከን ስትተካ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ የጎደለውን የቮልቴጅ መውደቅ የሚመልስ ሬዚስተር በተከታታይ አስገባ።

መልእክት 7 · ማዘግያ መስመር

ባለ መበየጃ ብየዳውን ረሳው፤ አዲስ ሰው የሚያበላሸው እዚያ ነው። ዕቃዎቹ የታሰሩበት ነጭ የሴራሚክ ማሰሪያ ጥርሶቹ በብር የተለበጡ ናቸው። ተራ ሶልደር ብሩን ያሟሟውና ከሴራሚኩ ይነጥለዋል፤ አንዴ ከተነጠለ መመለሻ የለውም። 3 በመቶ ያህል ብር ያለበት ሶልደር ያስፈልጋል። ውስጡን ተመልከት፤ ፋብሪካው ትንሽ ጥቅልል ሶልደር አብሮ ያስቀምጥ ነበር፣ ምናልባት አሁንም አለ። ከሌለ 62 ቆርቆሮ፣ 36 እርሳስ፣ 2 ብር የሆነው ይበቃል። የመበየጃው ጫፍ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ጥርሱ ውስጥ ግባ፣ ቶሎ ውጣ፤ ሽቦውን እየጠመዘዝክ አትጎትት።

መልእክት 8 · ጋሽ ካቶድ

አሁን ቅደም ተከተሉ። መብራት ሳይኖር ከእያንዳንዱ የቮልቴጅ መስመር ወደ ሻሲ ያለውን ኦም ለካና ከመመሪያው ጋር አስተያይ። ሾርት ካለ አሁን ይታወቅ። ከዚያ አብራ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሂተሮች ብቻ ናቸው የሚሠሩት፤ ከዚያ ሪሌዩ «ጧ» ይላል። ካላለ ወይም ደጋግሞ ከጮኸ የማዘግያ ቱቦውን እይ።

ከሪሌዩ በኋላ ኔጌቲቭ 150ን ለካ። ማመሳከሪያው 5651 የሚባለው ቱቦ ነው፤ እሱ ላይ 87 ቮልት ገደማ ይቆማል፤ ኔጌቲቭ 150 ራሱን ከእሱ ጋር ያስተያያል። ፖዘቲቭ 100፣ 225፣ 350 እና 500 ደግሞ ራሳቸውን ከኔጌቲቭ 150 ጋር ያስተያያሉ፤ የየራሳቸው ማስተካከያ የላቸውም። ስለዚህ አምስቱም አብረው ከሳቱ ጥፋቱ አንድ ነው። አንዱ ብቻ ከሳተ የራሱ ነው። ኔጌቲቭ 150 በ2 በመቶ ውስጥ ካለና ሌሎቹም ከደረሱ ማስተካከያውን አትንካው፤ በነካኸው ቅጽበት ስዊፑም፣ ቁመቱም፣ ካሊብሬተሩም (ለመመዘኛ የታወቀ ቮልቴጅ የሚሰጠው ክፍል) እንደገና መስተካከል አለባቸው።

ቀጥሎ ከፍተኛው ቮልቴጅ፣ ኔጌቲቭ 1350። ከዚያ ካሊብሬተሩ፦ አጥፍተኸው ፍተሻ ነጥቡ ላይ 100 ቮልት ዲሲ ይነበብ። ከዚያ ትሪገር፣ ስዊፕ፣ የቁመት መጠን። የጠርዙ ቅርጽ የመጨረሻ መጨረሻ።

መልእክት 9 · ሞገድ ተመልካች

ለካሁ። ኔጌቲቭ 150.6፣ ፖዘቲቭ 100.3፣ 225.8፣ 502። 350ው ግን 331 ነው፣ ሪፕልም (በዲሲው ላይ የቀረ መወዛወዝ) አለው። መስመሩ ይታያል። ስኩዌር ዌቭ ስሰጠው ደግሞ ጠርዙ ከፍ ብሎ ተነሥቶ ወዲያው ይረጋል።

መልእክት 10 · ባለ መበየጃ

350ው ላይ ተከታታይ ቱቦውን (ኮረንቱ ሁሉ የሚያልፍበትን የማረጋጊያ ቱቦ) አግኝና በፕሌቱና በካቶዱ መካከል ያለውን ለካ። ከጥቂት አሥር ቮልት በታች ከሆነ ከኋላው የሚመጣው አልበቃውም፤ ሬክቲፋየሩ ወይም ማጣሪያ ካፓሲተሩ ነው። ብዙ ቮልት እያለው ካልሰጠ ቱቦው ራሱ፣ አስተያያቂ ማጉያው፣ ወይም ከኔጌቲቭ 150 ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ትክክለኛ ሬዚስተሮች ናቸው። ሪፕል ስላለ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

መልእክት 11 · ግሪድ አንድ

ያ የጠርዝ መነሣት ከማይክሮሰከንድ በታች ወይም አንድ ማይክሮሰከንድ አካባቢ የሚቆይ ከሆነ ማዘግያ መስመሩ ላይ አትፍረድ። የቱቦዎቹ ካቶድ ነው። ቱቦ ትንሽ ኮረንት እየሰጠ ረጅም ጊዜ ሲሞቅ በኒኬሉና በኦክሳይዱ መካከል ኮረንት የሚቃወም ስስ ሽፋን ይበቅላል። ሽፋኑ ከራሱ ካፓሲታንስ ጋር ተዳምሮ ፈጣኑን ክፍል ያሳልፋል፤ ዘገምተኛውን ይቀንሳል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መብራቱን በቫሪያክ ከ234 ወደ 210 አውርደው። ሂተሮቹ ሲቀዘቅዙ መነሣቱ ከጨመረ ካቶድ ነው፤ ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ቱቦ ስትቀይር አንድ በአንድ፣ ውጤቱን እያየህ። ያልረዳውን ወደ ነበረበት ሶኬት መልሰው። የቱቦ ቴስተር ይህን በሽታ አያሳይህም።

መልእክት 12 · ሞገድ ተመልካች

350ው ተስተካከለ፤ የማጣሪያ ካፓሲተሩ ነበር። 6ዲኬ6 ከሆኑት ሁለቱ ሲቀየሩ ጠርዙ ረጋ። አሁን ሌላ መጣ፦ ከ20 ደቂቃ በኋላ መስመሩ እየሰፋ፣ እየደበዘዘ፣ ጭራሽ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

መልእክት 13 · ጋሽ ካቶድ

ተጠንቀቅ፤ እዚህ ላይ ከካቶዱ እስከ ማፍጠኛው ጫፍ 10 ኪሎቮልት አለ። አንድ እጅህ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ አጥፍተህ በሬዚስተር ሳታራግፍ አትንካ።

መጀመሪያ ኔጌቲቭ 1350ን እየሞቀ ሳለ ተከታተለው። ተራ ቴስተር 1000 ቮልት ነው ወሰኑ፤ ባለ 10 ሜጋኦም ዲጂታል ከሆነ ዘጠኝ ባለ 10 ሜጋኦም ሬዚስተር ደርድረህ ብታስቀድም አንድ አሥረኛውን ያነባል፤ በእያንዳንዱ ሬዚስተር ላይ 135 ቮልት ብቻ ይወድቃል። ለማፍጠኛው ጫፍ 8650 ቮልት ይህን አትሞክር፤ እሱ የራሱን ፕሮብ ይፈልጋል።

ኔጌቲቭ 1350 ከመስመሩ ጋር አብሮ ከወረደ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ኦሲሌተር ጭነቱን አልቻለም። 5642 ሬክቲፋየሮቹን በጨለማ እያቸው፤ ሂተራቸው የሚበራው ከዚያው ከከፍተኛ ቮልቴጁ ትራንስፎርመር ስለሆነ ብርሃናቸው አብሮ ይደክማል። የሚያፈሱትን የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተሮች አንድ ጫፋቸውን እየነቀልክ አስወግዳቸው፤ እነሱ ርካሹ ክፍል ናቸው።

እነሱ ጤነኛ ከሆኑ የዚህ ቤተሰብ የታወቀ ሕመም ይቀራል፤ የትራንስፎርመሩ ጥቅልል የታሸገበት ኢፖክሲ ከዘመን ብዛት ሙቀት ላይ ኃይል ይበላል። ማረጋገጫው፦ መስመሩ ሊጠፋ ሲል ትራንስፎርመሩ ላይ ብቻ ቀዝቃዛ አየር ንፋበት። በደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ እሱ ነው። ምድጃ ውስጥ ማድረቅ ለጥቂት ሳምንት ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፤ ጥቅልሉን እንደገና መጠቅለል ነው። ፌራይቱን (ጥቅልሉ የተጠመጠመበትን መግነጢሳዊ እምብርት) ሳትሰብር አውጣው፣ የእያንዳንዱን ጥቅልል ዙርና አቅጣጫ እየፈታህ ቁጠርና ጻፍ፤ ሽፋኑ በኢፖክሲ ሳይሆን በንብ ሰም ይሁን።

አንድ ነገር ሳትፈትሽ እንዳትፈታው፦ ከኔጌቲቭ 1350 ወደ ማረጋጊያው የሚወርዱት ትልልቅ ሜጋኦም ሬዚስተሮች በእድሜ ዋጋቸው ይጨምራል። ከጨመረ ማረጋጊያው ቮልቴጁ ያነሰ ይመስለውና ከሚገባው በላይ ይገፋዋል፤ ጤነኛ ትራንስፎርመርም በዚያ ጭነት ይሞቃል። ነቅለህ ለካቸው።

መልእክት 14 · ሞገድ ተመልካች

ሬዚስተሮቹን ለካሁ፤ በዋጋቸው ላይ ናቸው። ካፓሲተሮቹም አያፈሱም። ቀዝቃዛ አየር ስነፋበት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መስመሩ ተመለሰ።

መልእክት 15 · ጋሽ ካቶድ

እንግዲያው ትራንስፎርመሩ ነው። ከመፍታትህ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሣ፤ የ5642 ሂተር ጥቅልሎች ዙራቸው ጥቂት ስለሆነ አንድ ዙር ብትስት ቱቦው ይቃጠላል። መልሰህ ስታስገባ ኔጌቲቭ 1350ን እንደገና አስተካክል፤ ከእሱ በኋላ ያለውን ስዊፕና የቁመት መጠን በሙሉ እንደገና ተመልከት።